ከማር ቤት እስከ ኬላው

ያን ጠዋት እንግዶቼን ለመቀበል ወደ ሆቴላቸው ስሄድ አንድ ውሸት አዘጋጅቼ ነበር። ጎህ ሲቀድ ከሰሜን በኩል፣ ከተራሮቹ ጀርባ፣ ሁለት ጊዜ ከባድ ድምፅ ተሰምቶ የቤታችን ቆርቆሮ ተንቀጥቅጧል። እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች "ዛሬስ ይቅርብሽ" ብላኝ ነበር። እኔ ግን ከስንት ወር በኋላ የመጡልኝን እንግዶች ምን ብዬ ልመልሳቸው? ከጠየቁኝ "መንገድ እየተሠራ ነው፣ ድንጋይ እያፈነዱ ነው" እላለሁ ብዬ ወጣሁ።

ጠየቁኝ። እኔም እንዳሰብኩት ተናገርኩ።

እንግዶቼ ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስትየዋ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናቸው። ሰላምታችን ሳያልቅ ሦስት ጥያቄ የጠየቁኝ፣ ትንሽ ደብተር ከእጃቸው የማትለይ፣ ጨዋታቸው የማይነጥፍ ሴት። ባልየው በወጣትነታቸው ወታደር፣ ኋላ ደግሞ ሹፌር የነበሩ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ባልየውን ጋሼ፣ ሚስትየዋን እትዬ እያልኩ ነበር የምጠራቸው።

የእግር ጉዞው የራሴ ፈጠራ ነው። ዘጠኝ ዓመት የከተማችንን ከድንጋይ የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ሳስጎበኝ ኖሬ እንግዳ ድንገት ጠፋ። ሆቴሎች ተዘጉ፤ መስቀልና ሥዕል የሚሸጡት ጎረቤቶቻችን ዕቃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከሣጥን ከተቱ። ቀስ በቀስ ሰው ብቅ ማለት ሲጀምር የሚመጣው አብዛኛው የአገራችን ሰው ሆነ። የአገሬ ሰው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም አስጎብኚ አያሻውም። ስለዚህ የከተማውን ታሪክ ከሚቀመስ ነገር ጋር አያይዤ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ጉዞ አወጣሁ። ከቤተ ጊዮርጊስ እንነሳለን። በድሮዎቹ ክብ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤቶች ሰፈር አንዷ ሴትዮ በሶ በቅቤ አሽታ ጭብጦ ታቀርባለች። እኔም ድንጋዩን የፈለፈሉት ሰዎች ምን በልተው ይሆን እያልኩ አወራለሁ፤ በሶ እሳት አይፈልግም፣ ከረጢት ውስጥ ይቀመጣል፣ ስለዚህ በሶ ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። ማንም የጻፈው ነገር አይደለም። ግምቴ መሆኑንም አልደብቅም። ከዚያ ጠላና የገብስ ቆሎ ከሱፍ ጋር። መጨረሻ ላይ ወደ አሸተን ማርያም በሚወስደው አቀበት ላይ ካለው የማር ቤት እንወጣለን።

እትዬ ሁሉንም ቀመሱ። ጭብጦውን ደግመው ጠየቁ። የጠላዋን ባለቤት ስለ ጌሾው ጠይቀው ጻፉ። ጋሼ ከኋላ ከኋላ ይከተሉናል። ከከተማው ጫፍ መንገዱ ላይ ገመድ የተወጠረበት ኬላ አለ። ሁለት ታጣቂዎች ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁንና "ማር ልትበሉ ነው?" ብለው እየሳቁ አሳለፉን። አቀበቱን ስንጀምር እትዬ አበባ ሊያዩ ፈንጠር ሲሉ ጋሼ ጠጋ አሉኝ።

"ድንጋይ አይደለም፣ አይደል?" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ፊቴ ጋለ። "አይደለም ጋሼ።"

"ይሁን። እሷ እንዳትሰማ። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመኘው የኖረችው አገር ነው። እንዳትፈራብኝ።"

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም በየፊናችን ጆሯችንን ወደ ሰሜን አቁመን ወጣን። በየመታጠፊያው ወደ ኋላዬ ዞር ብዬ ከተማዋን አያለሁ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም፤ ጭስ ይሁን፣ የሚሮጥ ሰው ይሁን። ምንም አልነበረም። ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች በየማሳው ጎንበስ ብለዋል። ፍርሃቴ ሁሉ ወደዚያ በኩል ነበር። አጠገቤ ያለውን ነገር አላየሁም።

የማር ቤቱ ባለቤት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው፤ አባባ ነው የምላቸው። ቀፎዎቻቸው ከቤታቸው ጓሮ፣ ከግድግዳው ሥር፣ በጭቃና በእበት የተለሰኑ ረጃጅም ቀፎዎች ናቸው። የኅዳር ማር ነጭና ወፍራም ነው። አባባ በሳህን አቅርበውልን እንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠን በዳቦ እያጠቀስን በላን። እኔም የለመድኩትን ታሪክ ጀመርኩ። አብያተ ክርስቲያናቱን ያነጸው ንጉሥ ሲወለድ የንብ መንጋ እንደከበበው፣ እናቱም ንቦቹ ንግሥናውን አወቁለት እንዳለች፣ ላል የሚለው ቃልም ከአገውኛ የመጣና ማር ማለት ነው እንደሚባል። እትዬ እየጻፉ ነበር። በመሃል "እስኪ ቀፎውን ቀረብ ብዬ ልየው" ብለው ተነሱ።

"ብዙ አይጠጉ" አሉ አባባ።

"አይ፣ ምንም አይሉኝም።"

ሁለት እርምጃ ሄዱ። ከዚያ አንገታቸውን በመዳፋቸው ሲመቱ አየሁ። "ነደፈችኝ!" ብለው እየሳቁ ተመለሱ። አባባ እሾኋን በጥፍራቸው ጫር አድርገው አወጡላቸው። አንዲት ንብ ብቻ ናት። ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ ተነድፌያለሁ፤ እኛ ሰፈር ለንብ መንደፍ የሚጨነቅ ሰው የለም። እኔም ሳቅ ብዬ "ንቦቹ እርስዎንም አወቁዎት ማለት ነው እትዬ" አልኩ።

ያቺን ቃል ዛሬም ሳስታውሳት ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

መጀመሪያ መዳፋቸውን ማከክ ጀመሩ። "ምን ነካኝ፣ እጄን ይበላኛል" አሉ። ቀጥሎ ደረታቸው ላይ ቀይ ሽፍታ ወጣ፤ ዐይኔ እያየ ወደ አንገታቸው ወጣ። እኔ አሁንም "ምንም አይደለም፣ ያልፋል፣ ውኃ ይጠጡ" እላለሁ። ውኃውን አፋቸው ውስጥ ይዘው መዋጥ አቃታቸው። ደብተሯ ከጭናቸው ላይ ወደቀች። ሊያነሷት አልሞከሩም። የዚያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። እሳቸው ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብለው አያውቁም፤ አሁን ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ የወጣው ድምፅ የሌላ ሰው ነበር፣ የሻከረና የቀጠነ።

"ጉሮሮዬ ጠበበኝ።"

ከንፈራቸው አብጧል። የዐይናቸው ሽፋን አብጧል። ጋሼ ሁለት እጃቸውን ይዘው ስማቸውን እየደጋገሙ ይጠራሉ።

አባባ ክንዴን ይዘው ወደ ቤቱ ጥግ ሳቡኝ። "ስሚኝ ልጄ፣ የሚስቴ ወንድም እንዲህ ሁኖ ነው የሞተ። አንዲት ንብ ናት የነደፈችው። ከዚያ ማሳ ዳር አልደረሰም" አሉኝና ጣታቸውን ቀሰሩ። ያሳዩኝ ማሳ ከቆምንበት ቦታ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስ ነው።

ለአፍታ ምንም ነገር ማሰብ አቃተኝ። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ ነኝ ያመጣኋቸው። እዚህ ቦታ እንዲቀመጡ ወንበሩን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። በሽታ አለብዎት ወይ፣ ከዚህ በፊት ንብ ነድፎዎት ያውቃል ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። በዓመታት ሥራዬ ውስጥ የጠየቅኩት ጥያቄ ጾመኛ ነዎት ወይ የሚል ብቻ ነው።

ስልኬን አወጣሁ። ሆስፒታሉ ውስጥ አብሮኝ የተማረ ጤና መኮንን አለ። አንዴ ደወልኩ፣ አልገባም። ሁለተኛ፣ አልገባም። ግቢውን ዞሬ ድንጋይ አጥሩ ላይ ወጣሁና ሦስተኛ ስደውል አነሳው። እየተንተባተብኩ ነገርኩት።

"ትንፋሻቸው ያፏጫል?" አለኝ።

"ያፏጫል።"

"ራሳቸውን ስተዋል?"

"አልሳቱም። ግን ዐይናቸው እየተከደነ ነው።"

"ለዚህ የሚሆን መርፌ አለኝ። አምቡላንሷ ምጥ የያዛት ሴት ልታመጣ ገጠር ወጥታለች። ባጃጅም ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ እንዳይንቀሳቀስ ተከልክሏል። ስሚኝ፣ አትጠብቂኝ፣ ተሸክማችሁ ውረዱ። እኔም ወደ እናንተ እወጣለሁ። አታስሩጧቸው፣ አታስቁሟቸው። ትንፋሽ ካጠራቸው ከወገባቸው ቀና አድርጓቸው።"

አባባ እስከዚያ ከጓሮው ወጥተው ወደ ማሳው እየጮሁ ነበር። "ኧረ ድረሱልኝ! እንግዳ ሞተብኝ!" የሚል ነው ጩኸታቸው። እትዬ ይህን ሰምተው ይሆን ብዬ ዞር አልኩ። ሰምተዋል። ዐይናቸው እኔ ላይ ነበር። አጠገባቸው ተንበርክኬ "አይዞዎት" አልኩ፤ ጠዋት ስዋሽ የወጣኝን ያህል የረጋ ድምፅ ፈለግሁ፣ ግን አልመጣልኝም።

ገብስ ከሚያጭዱት አራት ጎበዞች ማጭዳቸውን ጥለው መጡ። ማንም ምን እንደሚደረግ አልነገራቸውም። አንዱ ከበረቱ ሁለት አጣና ነቀለ፣ ሌላው ጋቢውን አውልቆ ወጠረ፣ በጠፍር አሰሩት። እዚህ አገር ወላድም በሽተኛም ሲወርድ የኖረው በቃሬዛ ነው፤ እጃቸው ያውቀዋል። ከላይ በኩል የገብስ ነዶ አስደግፈን እትዬን ቀና አድርገን አስተኛናቸው። ቅዝቃዜው እንዳይነካቸው በሌላ ጋቢ ሸፈንናቸው። አንዱ ጫማቸው ወለቀና ጋሼ አነሱት።

ወረድን። አቀበቱን ስንወጣ ያላስተዋልኩት ድንጋይ ሁሉ ቁልቁል ስንወርድ ጠላት ሆነ። ተሸካሚዎቹ ሳይሮጡ ይፈጥናሉ፤ "ግራ! ዝቅ! ቀስ!" ይባባላሉ። እኔ ከጎን ሆኜ የእትዬን ትንፋሽ እሰማለሁ። እያንዳንዱ ትንፋሽ ጫፉ ላይ ፉጨት አለው። ፉጨቱን ስሰማ እፈራለሁ፤ ሳልሰማው የበለጠ እፈራለሁ። አንድ ቦታ ላይ በእግራችን ኮቴ ምክንያት ጠፋብኝና "ቁሙ!" ብዬ ጮህኩ። ጆሮዬን አፋቸው ላይ ደገንኩ። አለ። "ሂዱ!" አልኩ። ጋሼ ያቺን ጫማ በእጃቸው እንደያዙ እየተደናቀፉ ይከተሉናል። ልደግፋቸው ሳልፈልግ ቀርቼ አይደለም፤ ከእትዬ አፍ ርቄ መሄድ ፈራሁ።

ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ ከሰሜን ያ ድምፅ መጣ። አንድ ጊዜ፣ ከጠዋቱ የቀረበ። ተሸካሚዎቹ ሳያስቡት ጎንበስ አሉ፤ ቃሬዛው ተዛባ። ከኋላ ጋሼ "አትቁሙ! ሩቅ ነው፣ አትቁሙ!" ብለው ጮሁ። ከጠዋት ጀምሮ ከፍ ባለ ድምፅ ሲናገሩ ስሰማቸው ያ የመጀመሪያው ነው። ጎበዞቹም እንደታዘዘ ወታደር ቀና ብለው ቀጠሉ።

ኬላው ጋ ስንደርስ ጠዋት ያሳለፉን ሰዎች አልነበሩም። ተቀይረዋል። ወይም ሸሽተዋል፤ አላውቅም። ገና ከሩቅ እንዳዩን ሦስት ሰዎች ከድንጋይ ካቡ ጀርባ ተነሱ።

"ቁም! ባላችሁበት ቁም!"

መሣሪያ ሲቀባበል ሰማሁ። ያ ድምፅ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ገርሞኝ ነበር፤ ቁልፍ በር ውስጥ እንደማዞር ነው። ተሸካሚዎቹ ደረቁ። ከእነሱ ቦታ ሆኜ ሳስበው ምን እንደሚታያቸው ገባኝ፤ አራት ጎልማሶች፣ በጋቢ የተሸፈነ ሰው፣ ከተራራ እየፈጠኑ ሲወርዱ። ቁስለኛ ነው ብለዋል። ወይ ከጋቢው ሥር ሌላ ነገር አለ ብለዋል።

እጆቼን ወደ ላይ አንስቼ ብቻዬን ወደ ፊት ሄድኩ። "አስጎብኚ ነኝ" አልኩ። "የታመሙ እናት ናቸው። ንብ ነድፏቸው ነው።"

"ምን?"

"ንብ። ንብ ነድፏቸው ነው።"

ሁለቱ ተያዩ። በሕይወቴ ሙሉ እውነት ተናግሬ እንዲህ ውሸት መስሎ የተሰማኝ ቀን የለም። ትልቁ፣ ፂሙ የሸበተው፣ "ግለጪው" አለኝ፤ አፈሙዙ ደረቴ ላይ ነው። ወደ ቃሬዛው ተመልሼ ጋቢውን ገለጥኩ። የእትዬ ፊት ከማበጡ የተነሳ ጠዋት የተቀበልኳቸው ሴት አይመስሉም። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየ። ብዙ አየ። ጋሼ መታወቂያቸውን አውጥተው ዘረጉለት፤ በሌላው እጃቸው አሁንም ጫማውን ይዘዋል። "ሚስቴ ናት" አሉ። "ሚስቴ ናት፣ ወንድሜ፣ ጊዜ የለኝም።"

የዚያን ጊዜ ከኬላው ወዲያ ማዶ አንድ ሰው እጁን እያውለበለበ ሲሮጥ አየሁ። ነጭ ገዋን ለብሷል። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። እሱንም ከዚያ ወገን ሌላ ታጣቂ አስቁሞት ነበር። "መርፌ ነው የያዝኩት! መርፌ ብቻ ነው!" እያለ ትንሽ ሣጥን ወደ ላይ አንስቶ ያሳያል። ፂማሙ ሰው ጠመንጃውን ዝቅ አደረገና "ልቀቁት!" አለ።

መርፌውን እዚያው ወጋቸው፤ በገመዱ ሥር፣ አስፋልት ላይ፣ በልብሳቸው ላይ እንዳለ ጭናቸው ላይ። ከዚያ ተንበርክኮ የእጃቸውን አንጓ ይዞ ሰዓቱን አየ። ታጣቂዎቹም ተሸካሚዎቹም አንድ ላይ ቆመው ያያሉ። ጋሼ ቁጭ ብለዋል። እኔ ፉጨቱን ማዳመጥ ቀጠልኩ። እስኪለወጥ ድረስ የፈጀው ጊዜ ምናልባት አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። መጀመሪያ ፉጨቱ ወፈረ፣ ቀጥሎ ሳል ሆነ፣ ከዚያ እትዬ ረጅም አየር ስበው "ብርድ" አሉ። አንድ ቃል። ፂማሙ ሰው የራሱን ካፖርት አውልቆ ጣለላቸው።

ሆስፒታል አድረው በሁለተኛው ቀን ወጡ። ሐኪሞቹ ሌላ ንብ ቢነድፋቸው ከዚህ የባሰ ሊሆን እንደሚችል ነገሯቸው። ሲሄዱ አቅፈውኝ "አንቺ አይደለሽም፤ እኔ ነኝ ቀፎ ካላየሁ ብዬ የተነሳሁት" አሉኝ። አላጽናናኝም። ጋሼ ግንባሬን ሳሙኝ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ያህል ከቤት ብዙም አልወጣሁም። ዝንብ ጆሮዬ አጠገብ ካለፈች እደነግጣለሁ። የምውጠው እህል ጉሮሮዬ ላይ የሚቆም ይመስለኛል። እናቴ ልታስጠምቀኝ ወደ ጠበል ወሰደችኝ። አንድ ቀን አባባ ከተራራው ወርደው ቤታችን መጡ። ቀፎዎቹን ለሌላ ሰው ሊሰጡ እንዳሰቡ ነገሩኝ።

"እኔ እኮ ያን ቀን ሴትዮዋ ሞታ ቢሆን ኑሮ መንደሩን ለቅቄ እሄድ ነበር" አሉ። "ሁለተኛ ሰው ነው በንቤ ምክንያት። ለአንቺ አልነገርኩሽም እንጂ ያ የሚስቴ ወንድም የተነደፈውም ከዚያው ቀፎ ሥር ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም አባባ? እንግዳ ከማምጣቴ በፊት?"

"እንግዳ ይቀርብኛል ብዬ" አሉ። ልቆጣቸው የሚያስችለኝ አፍ አልነበረኝም።

ተነጋግረን ቀፎዎቹ ከጓሮው ርቀው ከማሳው ማዶ ካለው ገደል ሥር እንዲሄዱ አደረግን። ማሩ ብቻ ወደ ቤት ይመጣል። ጤና መኮንኑ ጓደኛዬ መርፌውን እንዴት እንደሚወጋ አስተማረኝ፤ በብርቱካን ላይ አለማመደኝ። ግን መርፌውን በቦርሳዬ ይዤ እንድዞር አልተፈቀደልኝም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ተረኛ ማን እንደሆነና አምቡላንሷ ከተማ ውስጥ መኖሯን ደውዬ እጠይቃለሁ። ከሌለች ወደ ማር ቤት አንወጣም።

ከገና በኋላ ሦስት እንግዶች መጡ፤ ወጣቶች ናቸው። ሆቴላቸው በር ላይ አቁሜ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ምግብ፣ መድኃኒት፣ ንብ። አንደኛው እየሳቀ "ምንም አይነካኝም" አለ። እትዬም ቢጠየቁ ይህንኑ ነበር የሚሉት፤ አያውቁም ነበርና። ያን ቀንም ጎህ ሲቀድ ከሰሜን የተሰማውን ድምፅ ነገርኳቸው፤ የሚቀር ካለ እንዲቀር። ማንም አልቀረም። ወጣን። ማሩን ሲበሉ ከእያንዳንዳቸው ጀርባ እየዞርኩ አንገታቸውን አያለሁ። አንዷ "ምነው፣ ምን ፈለግሽ?" አለችኝ። "ምንም" አልኩና መልሼ "ንብ እንዳይነድፋችሁ ነው፣ እፈራለሁ" አልኳት።

በደህና ገቡ። ቤቴ ስደርስ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የጫማዬን ማሰሪያ ለመፍታት ሞከርኩ። ጣቶቼ አልታዘዙኝም። እናቴ ከውስጥ ወጥታ ተንበርክካ ፈታችልኝ።